ሸራው ሲገለጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሸራ ለብሳ ዛፍ ሥር የቆመች ቮልስ የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው። ባለቤቶቹን ስጠይቅ ሁሉም «አንድ ቀን አሠራታለሁ» ይሉኛል። ያን አንድ ቀን ያራቀባቸው የገንዘብ እጥረት ይመስላቸዋል። እኔ ከአራት ዓመት በፊት ከዘመድ ግቢ አንዲት ቮልስ ገዛሁ፤ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሞተር። ያኔ የነበረኝ ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ዛሬም ጥቂት ነው። ቮልሷ ግን በእግሯ ትሄዳለች። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው መጀመሪያ መሠራት ያለበትን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርገው ነው እላለሁ።

*

ቮልሷን ያሳየኋቸው አዛውንት መካኒክ የሞተሩን ክዳን እንኳ አልከፈቱም። የኋላውን መቀመጫ አስነሡኝና በቀኝ በኩል ያለውን ባትሪ አውጣ አሉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ባትሪው ተቀምጦበት የነበረውን ወለል ጫን አደረጉት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። በቀዳዳው ሣር ታየኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሩስ?» አልኳቸው።

«ሞተሩን ለኔ ተወው፣ ልጄ። አንተ መጀመሪያ የላሜራ ሰው ፈልግ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ቦታ ቮልስ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቀለሟ አይደለም። በዚያች ጥግ ላይ ለዓመታት የተንጠባጠበ የባትሪ አሲድ አለ፤ አሲዱ ቀለሙን በልቶ ወደ ብረቱ ያልፋል። ሻጩ ሊደብቀው ካልፈለገ በቀር መቀመጫውን ማንሣት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

*

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ራዲያተር የላትም፣ የውሃ ፓምፕ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። የቤንዚኑን ጎማ፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ፣ የማሞቂያውን ቱቦዎችና ጥቂት ሽቦዎችን የፈታ ሰው፣ ደህና ክሪክና አንድ ረዳት ካለው፣ ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ሳይደርስ ሞተሩን ያወርደዋል። «ቮልስ ርካሽ ናት» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ስለ ሞተሩ እውነት ነው።

ገንዘብ የሚሰምጠው ከበሩ ሥር፣ ግራና ቀኝ በርዝመቷ በተዘረጋው ባዶ ሳጥን ላይ ነው። ያ ሳጥን ሁለት ሥራ አለው። ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ተሳፋሪው ይወስዳል፤ የመኪናዋንም ጎን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። የሚበሰብሰው ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታወቅም። የሚያጋልጠው በሩ ነው። በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፤ ከቁልፉ በኩል ወደ ታች ወርዶ ካልተነሣ በቀር የማይገጥም ከሆነ፣ ወይም በዙሪያው ያለው ክፍተት አንድ ቦታ ጠቦ ሌላ ቦታ ከሰፋ፣ ሳጥኑ አልቋል ማለት ነው።

ሳጥኑ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍተት በብረት ዘንግ መደገፍ አለበት። ካልተደገፈ አካሉ ይጎብጣል፤ ከተበየደ በኋላ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። ዘንግ ሳያስር መቁረጫ የሚያነሣ የብየዳ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይህን የምለው አንዴ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ ግራውን ጎን ሳይደግፍ ቆረጠው፤ ሌላ ባለሙያ ጋ ወስጄ እንደገና ሲቆረጥ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ሂሳቡን ጽፌ ይዤዋለሁ። እድሳቱ ከፈጀው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ የላሜራና የብየዳ ነው። ሞተሩ ሩቡን እንኳ አልወሰደም።

*

ኪሴ ውስጥ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አለ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የኔዋ ቮልስ ቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ከላይ እስከ ታች ወደቀ። ሲፋቅ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ወጣ። የሚያሳዝነው ደግሞ የቮልስ ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ መሆኑ ነው፤ ፈትቶ ሌላ ማሰር ይቻላል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው አሮጌዎቹን ቡሎኖች ሳይሰብሩ መፍታት ነው። እሱም ዘይት ቀብቶ አንድ ሌሊት መታገሥን ይፈልጋል።

*

መኪናዋ የጀርመን ናት፤ የምንሠራበት ቋንቋ ግን የጣሊያን ነው። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ። ታርጋውም ቦሎውም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣሊያኖች ከሄዱ ስንት ዘመን ሆነ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ቃላቸው አልወጣም። አሁን የኛ ነው፤ አንድ ሰው ጣሊያን አገር ሄዶ ቢናገረው እኩሌታውን የሚረዳለት ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ የሚመጣው ዕቃ ከውጭ ሲታዘዝ ነው። መካኒኩ የሚለኝ ሌላ፣ የመለዋወጫው ካታሎግ የሚለው ሌላ። ስለዚህ በሦስት ዓምድ የተከፈለ ደብተር ይዣለሁ፦ የጋራዡ ስም፣ የካታሎጉ ስም፣ የዕቃው ቁጥር። አንድ ጊዜ «የፊት ጎማ ኩሽኔታ» ብዬ ያስመጣሁት አልገጠመም፤ ለ1965ቱ ሞዴል የተሠራ ነበር። በ1966 የፊት እግሩ አሠራር ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሳልጽፍ ያዘዝኩት ዕቃ የለም፤ ያልገጠመም የለም። በዝቅተኛ ገንዘብ መኪና ለሚያድስ ሰው ከደብተርና ከእርሳስ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም።

*

የቮልስ መመሪያ የተጻፈው ለቆላ አገር አየር ነው። የፋብሪካዋ ከተማ ቮልፍስቡርግ ከባሕር ወለል በላይ መቶ ሜትር እንኳ አትሞላም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። መጽሐፉን ይዞ የሲሊንደሮቹን ግፊት የሚለካ ሰው ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ያደርገዋል። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ንባብ ብቻ ሞተሩን አውርዶ ሊያፈርስ ነበር። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ያ ከፍታው ነው፤ አንዱ ብቻ ከሦስቱ ርቆ ከወረደ ያኔ ማሰብ ነው።

ጉልበቷም እንዲሁ። 1300 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት አለው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 30 ይወርዳል። ይኸ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የ1200 ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ የነበረው ጉልበት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ ብታቃስት አይፈረድባትም። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣታል፤ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ጭሷ ይከብዳል። መፍትሔው ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ መቀየር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ አዲስ ካርቡራቶር ይገዛል። አዲሱም ይጠቁራል።

*

ሞተር ከመነሣቱ በፊት ፍሬን። ይህን ቅደም ተከተል ሊያስገለብጠኝ የሞከረ ሁሉ ሞተሩ ሲጮህ ለመስማት የቸኮለ ሰው ነው። እኔም ቸኩዬ ነበር፤ አዛውንቱ ግን አልፈቀዱም።

የ1966 ሞዴል ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ከአራቱ ጎማ ባንዱ ያለች የጎማ ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ፍሬን ባንዴ ይጠፋል። ሁለት መስመር ያለው ፍሬን የመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ሞዴሎች ነው። ለዓመታት የቆመች መኪና ውስጥ ያለ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ሲስብ የኖረ ነው፤ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል፣ ሲግል ይፈላል፣ ሲፈላ ፔዳሉ መሬት ይነካል። እንጦጦን ሲወርዱ ይህ እንዲደርስ የሚፈልግ የለም። ዋናውን ሲሊንደር፣ የአራቱን ጎማ ሲሊንደሮች፣ የጎማ ቱቦዎቹንና የፍሬን ሸራዎቹን ቀየርኩ። ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት አስላጥኳቸው። ለሦስት ወር ሌላ ምንም አልሠራሁም፤ የሰበሰብኩት ሁሉ እዚያ ገባ። ዛሬም ቢሆን ከሁሉ በፊት የማወጣው ገንዘብ ይኸ ነው።

*

የቤንዚን ጎማ። ሞተሩ ሥር ያለችው አጭር ጎማ የሞተሩን ሙቀት ስትጠጣ ትኖርና ትደርቃለች፤ ስትሰነጠቅ ቤንዚኑ በጋለ ብረት ላይ ይፈስሳል። በዓለም ላይ የተቃጠሉ ብዙ ቮልሶች የተቃጠሉት በዚህች ጎማ ነው። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ዛሬ ቀይሯት።

*

ሁሉንም ባንዴ መፍታት ትልቅ ፈተና ነው። ሁለት ቅዳሜ ይበቃል፤ ለመግጠም ግን ሁለት ዓመት አይበቃም። ተበትነው የቀሩ ብዙ ቮልሶች አይቻለሁ፤ በሩ እቤት፣ ሞተሩ ጋራዥ፣ ቡሎኑ የጠፋ። አዛውንቱ አንድ ክፍል ሳይገጠም ሌላ ክፍል አያስፈቱኝም ነበር። ሳይፈታ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ የተፈታው ቡሎን በየፌስታሉ ይገባል፣ ፌስታሉ ላይ ይጻፋል።

*

የኔዋ ቮልስ የኤሌክትሪክ ኃይሏ ስድስት ቮልት ነው። «መብራቷ የሻማ ያህል ነው፣ አሥራ ሁለት አስደርጋት» ያላለኝ የለም። ከመቀየሬ በፊት ከአካሏ ጋር የሚያያዙትን ሽቦዎች በሙሉ ፈትቼ ጫፋቸውን እስኪያበራ ጠረግኋቸው። መብራቱ በዚያው ምሽት ጨመረ። ያለፈው ሃምሳ ዓመት ዝገት ኃይሉን እየበላው ኖሯል። እስካሁን ስድስት ቮልት ናት።

*

ለመለዋወጫ ሦስት መንገድ አለኝ። አንዱ ሶማሌ ተራ ነው። መርካቶ ገብቶ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ሰው ትዕግሥት ካለው ያገለገለ ኦርጅናል ዕቃ ያገኛል፤ የጀርመን ፋብሪካ ምልክት ያለበት ያረጀ ቁራጭ ካያችሁ አትለፉት። ጥራቱ የማይታወቅ አዲስ ፑንቲና ከገዛሁ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ አሮጌውን ጠርጌ መልሼዋለሁ።

ሁለተኛው ሻንጣ ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በመጣች ቁጥር አንድ የጫማ ካርቶን ለኔ ይያዛል። የሞተር ሙሉ ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ ፑንቲና፣ የመስኮት ጎማ፤ እነዚህ ቀላል ናቸው። እዚያ ሞልቶ መገኘቱ የሚገርም አይደለም። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚባለው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው፤ ቁጥሯም 21,529,464 ነበር። ብራዚል ደግሞ በ1986 ማምረት አቁማ ፕሬዚዳንቷ ኢታማር ፍራንኮ ስለጠየቁ በ1993 እንደገና ጀምራ እስከ 1996 ቀጥላለች። ይህን ያህል የተመረተ መኪና መለዋወጫው ቶሎ አያልቅም።

ሦስተኛው እዚሁ ማሠራት ነው። ወለሉን የሠራልኝ ባለሙያ አሮጌውን ቁራጭ እንደ ልክ አስቀምጦ ላሜራውን በእጁ ቀጥቅጦ ነው ያጎበጠው። የፋብሪካው ጎድጎዶች ሳይቀሩ አሉበት። ከውጭ ቢታዘዝ ጭነቱ ብቻ የባለሙያውን ዋጋ ይበልጥ ነበር። ቀላሉ በሻንጣ ይምጣ፣ ከባዱ እዚህ ይሠራ። ይህን ሳላውቅ ማርሚታ አስመጥቼ ለጭነት የከፈልኩት ዛሬም ይቆጨኛል።

*

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የወሰደቻቸው ቮልስ ነበረች። ባለ ሁለት በር ስለሆነች ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ መቀመጫ መታጠፍ አለበት። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ክብደቱ የገባኝ ግን የራሴን ቮልስ የፊት መቀመጫ አጥፌ፣ ወገቤን ሰብሬ ከኋላ የገባሁ ቀን ነው። የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ በዚያች ጠባብ ቦታ ሲያልፉ ታየኝ። ለዚህ አገር ሰው ቮልስ የመኪና ዓይነት ብቻ አይደለችም የምለው ለዚህ ነው።

*

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር መሐል ለመሐል ባለው ጉብታ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ነው። ብዙ ጊዜ የሞተሩ አይገጥምም፤ በስልሳ ዓመት ውስጥ ሞተር ያልቀየረች ቮልስ ጥቂት ናት። የሻንሲው ካልገጠመ ግን አትግዙ። ያማረች ብትሆን፣ ርካሽ ብትሆን፣ የወንድማችሁ ብትሆን አትግዙ። ገንዘቡን አፍስሳችሁ ስትጨርሱ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ትቆማለች።

*

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከናካቴው እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለ አየሩ ካሰብን የሚደገፍ ውሳኔ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል። አገሩ ውስጥ ያለችው ቮልስ የመጨረሻዋ ናት፤ አንዷ ለቁርጥራጭ ብረት ስትሸጥ የሚተካት ሌላ አይመጣም።

*

ሦስተኛው ሲሊንደር። የቮልስን ጓዳ የሚያውቅ መካኒክ ሞተር ሲያይ መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ ያነሰና የሞቀ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቩ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠላል። ፋብሪካው ራሱ አውቆት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ አነሣው።

ይህን ቫልቭ የሚያድነው ገንዘብ አይደለም። የቫልቮቹን ክፍተት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለካት ነው፤ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። አዛውንቱ ይህን ሥራ የሚሠሩት ጎህ ሲቀድ ነበር። ሌሊቱን ስላደረ ብረቱ ቀዝቅዟል፣ ሰፈሩም ጸጥ ብሏል። መለኪያዋን ሲያስገቡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጣታቸው ላይ የሚሰማቸውን መያዝ ነው የፈለጉት። «ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከላላም ከጠበቀም አይደለም» ብለው መለኪያዋን ሰጡኝ። አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ። በአሥራ አንደኛው «አሁን ገብቶሃል» አሉ።

በዚያ ጠዋት የተማርኩት መጽሐፍ ውስጥ አለ። ቁጥሩ አለ፣ ሥዕሉ አለ። ጣቴ ላይ የተሰማኝ ግን የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን በጣታቸው የሚያውቁ ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ልጆቻቸው ኮምፒውተር የሚገጠምላቸውን መኪኖች ነው የሚሠሩት፤ እንጀራቸው እዚያ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። አዛውንቱ መካኒክ ባለፈው ዓመት ጋራዡን ዘጉ፤ ወገባቸው አልቻለም። የመለኪያ ቢላዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ከማግኔቱ ጋር አብረው ይኖራሉ።

*

ክሮሙን አላስነከርኩትም። ፓራውልቱ ላይ ያለው ጭረት አለ፣ መሪው ላይ የተሰነጠቀው አለ። ቀለም የቀባኋት አዲስ ላሜራ የገባባትን ቦታ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ይታያል። «ለምን አትጨርሳትም?» ይሉኛል። ይህን ቀለም ከፋብሪካ ይዛ የመጣች መኪና ላይ ሌላ መደረብ አልፈልግም። ትቆማለች፣ ትሄዳለች፣ ዝናብ አታስገባም።

*

ሸራው ራሱ ጠላት ነው። አዲስ አበባ ለበረዶ ጨው የሚረጭባት ከተማ አይደለችም፤ ቮልሶቻችን አውሮፓ ካሉት ያነሰ መዛግ ነበረባቸው። ያዛጋቸው ክረምቱና ሸራው ነው። ፕላስቲክ ሸራ እስከ መሬት ተወርዶ ሲታሰር ከመሬት የሚነሣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ውስጡ ያልበዋል፣ ማታ ይንጠባጠባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። አራት ምሰሶና ጥቂት ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ከሸራው እጅግ ይሻላል።

ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ፣ ወይም አባታችሁ ግቢ፣ ሸራ የለበሰች ቮልስ ካለች ዘንድሮ ገንዘብ ባይኖራችሁም አንድ ነገር አድርጉላት። ክረምት ሳይገባ ሸራውን ግለጡት። የኋላውን መቀመጫ አንሡ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ወለሉን በውሃና በሶዳ እጠቡት፣ ደረቅ ጨርቅ አስነኩት፤ መስኮቱን በጣት ያህል ክፈቱላት። ከዚያ ቆርቆሮ ሥር አስገቧት።